ጣሊያን ያልጋበዘን ፓስታ

«ጣሊያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…» የምትል አባባል አለች። ሰምታችኋታል። ብዙ ጊዜ የምትነገረው ማኪያቶ እየተጠጣ ወይም ፓስታ በሹካ እየተጠቀለለ ነው። ተናጋሪው መንገዱን ይቆጥራል፣ ድልድዩን ይቆጥራል፣ አሥመራን ይጠራል። ሲጨርስ ሳህኑን እያሳየ «ይኸው፣ ይሄንንስ ማን አመጣልን?» ይላል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ ዝም ይላል።

ስለ መንገዱና ስለ ድልድዩ ብዙ ተከራክረናል። ስለ ሳህኑ ግን የተከራከረ የለም ማለት ይቻላል። ነገሩ ያለቀለት ይመስላል፦ ፓስታ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያን አገራችን መጥቶ ነበር፤ ስለዚህ ፓስታን የሰጠን ጣሊያን ነው። ይህ ጽሑፍ «አይደለም» የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የጣሊያን ምግብ የት እንደሚገኝ ለሚጠይቅ ሰው የምሰጠው መልስም ከዚሁ ታሪክ የሚወጣ ስለሆነ፣ ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

መጀመሪያ የበሉት እነሱ ነበሩ

ጣሊያኖች በብዛት ወደ አዲስ አበባ የገቡት በ1928 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ፣ ምርኮኛ ሆነው ገብተው ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የጣሊያን ወታደሮች በየመኳንንቱና በየሹማምንቱ ቤት ተመድበው ወራትን አሳለፉ። የበሉትም ባለቤቶቹ የሚበሉትን ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ሲፈረም፣ ምርኮኞቹ እንዲለቀቁ፣ ለቆይታቸው የወጣውን ወጪም ጣሊያን እንድትተካ ስምምነት ተደረገ። በከተማችንና በጣሊያን መካከል የመጀመሪያውን የምግብ ሒሳብ ያቀረብነው እኛ ነን ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ባለማዕዱ ማን እንደነበረና እንግዳው ማን እንደነበረ መነሻውን ለመያዝ ነው። በሁለተኛው አመጣጣቸው ይህ ሥርዓት ተገለበጠ።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት ማዕድ

የፋሽስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከገባ በኋላ ካሰባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከተማዋን ለሁለት መክፈል ነበር። የጣሊያን አርክቴክቶች የነደፉት ፕላን የነጭና የአገሬው ሰው መኖሪያ እንዳይነካካ የሚል ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የነበረው የአራዳ ትልቁ ገበያ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ለአዲሱ ቦታ የሰጡት ስም ትርጉሙ «የአገሬው ተወላጅ ገበያ» ነው። «መርካቶ» የሚለውን ቃል ያገኘነው ከዚያ ነው። ገበያው የተነሣበት አራዳ ደግሞ የጣሊያኖች መሸጫ፣ ካፌና መዝናኛ ሆኖ «ፒያሳ» ተባለ። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅታቸው «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ» የሚለው የቤቶቹ ስም በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ።

ክፍፍሉ በካርታ ላይ ብቻ አልቀረም። በ1929 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ጣሊያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ «የዘርን ክብር ለመጠበቅ» የሚል ሌላ ሕግ ወጣ። ይህኛው ለአገሬው ሰው ወደ ተለየ ሕዝባዊ ቦታ የሚያዘወትር ጣሊያናዊን ሳይቀር የሚቀጣ ነበር። ልብ በሉ፤ ጣሊያናዊው ወደ ጠጅ ቤት እንዳይሄድ የተከለከለው አብሮ መብላትና አብሮ መጠጣት ሰውን እኩል ስለሚያደርግ ነው። ያንን ፋሽስቶች ከእኛ ይልቅ ተረድተውታል።

በነዚሁ ዓመታት መካከል የካቲት 12 አለ። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀናት በከተማዋ የተፈጸመውን ሁላችንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19,000 ገደማ ይገምታል። በጭፍጨፋው የተሳተፉት ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ብቻ አልነበሩም፤ ሲቪል ጣሊያኖችም ነበሩበት። የፒያሳ ካፌዎች ደንበኞች የነበሩትም እነዚሁ ሲቪሎች ናቸው።

እንግዲህ «ይሄንንስ ማን አመጣልን?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። አመጡት፤ ለእኛ ግን አላመጡትም። እነሱ ቢቆዩ ኖሮ፣ አባባሏን የሚናገረው ሰው ዛሬ በሚናገርባት ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር።

ዱቄቱስ ከየት ነበር?

ሁለተኛው ነገር የእህሉ ጉዳይ ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት ኢትዮጵያን የያዘው የጣሊያንን ገበሬ ለማስፈርና ስንዴ ለማምረትም ጭምር ነበር። በሆለታና በቢሾፍቱ ለቀድሞ ወታደሮች የሰፈራ እርሻ ተቋቋመ። ውጤቱ ከታሰበው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። የመጣው ሰፋሪ ጥቂት ነው፤ ከከተማና ከጦር ሰፈር ወጣ ሲባል አገሩ የአርበኞች ነው፤ ቅኝ ግዛቱ ራሱን ሊመግብ ቀርቶ እህል ከውጭ ይገባለት ነበር።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ጥሩ ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ሶቪየታዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ከየገበሬው ማሳ ዘር ሰብስቦ ነበር። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም አነጋግረውታል። አገራችን በዓለም ላይ የሰብል ዝርያ ብዝኃነት ከሚገኝባቸው ዋና ዋና ማዕከላት አንዷ መሆኗን የመሰከረው እሱ ነው፤ ከነዚያ ሰብሎች መካከል ደግሞ ዱረም ስንዴ ይገኝበታል። ገበሬያችን ዱረምን በዳቦ፣ በቂንጬ፣ በንፍሮና በቆሎ ሲበላው የኖረ ነው። በቅርብ ዘመን በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ በባሌ የተሠራ አንድ ፕሮጀክት የአካባቢው ገበሬዎች ለፓስታ ፋብሪካዎች ዱረም እንዲያቀርቡ አድርጎ ነበር። ጣሊያን በጉልበት ያላገኘው ስንዴ በውል ተገኘ ማለት ነው።

ቡናውማ አይነሣ። ማሽኑ የነሱ ነው፤ ቡናው የማን እንደሆነ መቼም አንከራከርም። ቲማቲምም ቢሆን የጣሊያን ተወላጅ አይደለም። ልክ እንደ በርበሬያችን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ስጎና ቀይ ወጥ በእናታቸው በኩል ዘመዳሞች ናቸው።

ጌታው ሄደ፣ እጁ ቀረ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። እንግሊዞች በአገሪቱ የነበረውን የጣሊያን ሲቪል ማስወጣት ፈልገው ነበር፤ ብዙዎቹንም አስወጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር የቀሩ አሉ፦ መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ምግብ አብሳይ። የቀሩትም የቀሩት በሌላ ሥርዓት ነው። ከዚህ በኋላ ጣሊያናዊው ገዢ ሳይሆን ባለ ሱቅ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ደግሞ ደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ በፊት ለፊት በር ይገባል።

በከተማዋ የጣሊያን ምግብ ታሪክ የሚጠሩት ታላላቅ ስሞች የመጡት በወረራው ዘመን ሳይሆን ከዚህ በኋላ ነው። ካስቴሊ ለምሳሌ። መሥራቹ ፍራንቸስኮ ካስቴሊ ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ቀርቶ ፒያሳ ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ጣሊያናዊ ነው። ለአሥርት ዓመታት «የጣሊያን ምግብ» ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ይህ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቤት ነበር። ቶሞካ ደግሞ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ስሙ «ዘመናዊ የቡና መቁያ» የሚል ሐሳብ ካለው የጣሊያንኛ ሐረግ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። የኤንሪኮ ኬክ ስንት የአዲስ አበባ ልጅ ልደቱን ያከበረበት ነው! እነዚህ ሁሉ የነጻ አገር ቤቶች ናቸው። የንግድ ፈቃዳቸውን የሰጠው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

ስማቸው ያልተጻፈው ግን ሌሎቹ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበሩት። በወረራው ዘመን ኢትዮጵያዊ በፊት በር እንዳይገባ ቢከለከልም፣ ሳህን የሚያጥብና ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ ያስፈልግ ነበርና የጓሮው በር ክፍት ነበር። ጌታው ሲሄድ ያ እጅ ቀረ። ምስክሩ ቋንቋችን ነው። ከጣሊያንኛ የወሰድናቸውን ቃላት ተመልከቱ፦ ስጎ፣ ፉርኖ፣ አሮስቶ፣ ማርመላታ፣ ቦምቦሊኖ፣ ጀላቲ። ከጋራዥም ጎሚስታና ላቫጆ አሉ። የሳሎን ቃላት አይደሉም። የምድጃ፣ የዳቦ ቤት፣ የጎማ ጥገና ቃላት ናቸው። ሠራተኛ ከሠራተኛ ጎን ቆሞ ሲሠራ የሚሰማቸው ቃላት ናቸው።

ከኤርትራ የመጡ ወገኖችም ድርሻ አላቸው። አሥመራ ከጣሊያን ጋር የኖረችው ከእኛ እጅግ ለረዘመ ዘመን ነው። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ከተመሠረተ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ከመጡት ብዙዎቹ በሆቴል፣ በካፌና በጋራዥ ሥራ ይታወቁ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ ተባረረ፤ ከነሱ ጋር የወጣውን ሙያ የቆጠረ ግን የለም።

ወንፊቱ

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ይህ ነው። ከተማዋ የጣሊያንን ማዕድ እንዳለ አልተቀበለችም፤ በወንፊት ነፋችው።

የጣሊያን ምግብ ማለት ፓስታ ብቻ አይደለም። የአሳማ ሥጋው ብዛት ለጉድ ነው፤ አይቡ ዓይነቱ አያልቅም፤ ወይን የሌለበት ምሳ ምሳ አይባልም። ከዚህ ሁሉ ወደ ሕዝቡ ማዕድ የገባው የትኛው ነው? አሳማው ከደጅ ተመለሰ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም። አይቡ በየቤቱ አልገባም፤ እኛ የራሳችን አለን። ወይኑ ከጠጅና ከቢራ ጋር ተፎካክሮ ብዙም አልራቀም። ፓስታ ግን ሰተት ብሎ ገባ።

ለምን? ዋናው ምክንያት ጾም ይመስለኛል። ደረቅ ፓስታ የሚሠራው ከዱቄትና ከውኃ ነው፤ እንቁላል የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር፣ ጾምን የማይሽር፣ በአንድ ምድጃ በአሥር ደቂቃ የሚደርስ፣ ከመደርደሪያ ላይ ሳይበላሽ ወራት የሚቆይ ምግብ ሲገኝ ማን ይለቃል? ስጎውን በዘይት አድርገው፣ ሥጋውን በአትክልት ወይም በምስር ተክተው የጾም ፓስታ አደረጉት። 

ቀጥሎ በርበሬ ገባበት። ነጭ ሽንኩርቱ በዛ። ከዚያ እንጀራ ላይ ፈሰሰ። ፓስታ በእንጀራ ለጣሊያናዊ ቢነግሩት ራሱን ይይዛል። ጣሊያን ፓስታውን ጥርስ ላይ ትንሽ እንዲቆም አድርጎ ያወጣዋል፤ የእኛው ደግሞ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ብዙ ሰው ይህን እንደ አለማወቅ ያየዋል። በእንጀራ ጠቅልሎ ለመጉረስ የሚቆም ፓስታ አይመችም፤ የለሰለሰው ይመቻል። የራሱ ምክንያት አለው ማለት ነው። ማኪያቶአችንም እንዲሁ ነው፤ ጣሊያን ቡናውን በወተት ነጠብጣብ አድርጎ ያቀርበዋል፣ እኛ ወተቱን አብዝተን የራሳችን አድርገነዋል።

ታዲያ የት እንብላ?

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የጣሊያን ምግብ የሚበላባቸው ሦስት ዓይነት ቤቶች አሉ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ባለ ጠረጴዛ ልብሱ ነው። የካስቴሊ ዓይነቱ ቤት፣ የጣሊያን ማኅበረሰብ መሰባሰቢያ የሆነው ጁቬንቱስ ክለብ፣ ሥዕልና ፓስታን አንድ ላይ ያቀረበው የቦሌው ማኩሽ እዚህ ይመደባሉ። የጣሊያንን ምግብ ጣሊያኖች በሚያውቁት መልኩ ለማወቅ የሚሄዱበት ነው። ላዛኛ እዘዙ። ላዛኛ ጊዜ የሚወስድ ምግብ ነው፤ ቤቱ ቸኩሎ እንደሆነ ወዲያው ያሳብቃል። ሒሳቡ ግን ለደመወዝተኛ በየሳምንቱ የሚሆን አይደለም።

ሁለተኛው ካፌው ነው። ቆሞ ቡና መጠጣት ከጣሊያን የተማርነው ነው፤ ወጉ ግን የእኛ ነው። እዚህ ለማኪያቶና ለኬክ እንጂ ለምሳ አትድከሙ።

ሦስተኛው ስም የሌለው ቤት ነው። በየሰፈሩ፣ በየግንባታው ቦታ ዳር፣ በየኮሌጁ በር፣ በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት። ሜኑው በአፍ ነው፦ ፓስታ በስጎ፣ ፓስታ በአትክልት፣ በእንጀራ ወይስ በዳቦ? ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን ሂዱ። ስጎው በደንብ መብሰሉን የምታውቁት ዘይቱ ከላይ ለይቶ ሲንሳፈፍና ሽንኩርቱ ሲጠፋ ነው። ቲማቲሙ ገና ጥሬ ከሸተተ ተዉት፤ ቀጥሎ ያለው ቤት ይሻላል።

የትኛው ነው «ትክክለኛው» ካላችሁኝ፣ ለምግብነቱ የመጀመሪያውን ልመርጥ እችላለሁ። ለታሪክነቱ ግን ሦስተኛውን ነው። የዚህች ከተማ የጣሊያን ምግብ እዚያ ነው ያለው።

ፒያሳ ስትፈርስ

ይህን አሁን የምጽፈው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ክፍል ፈርሷል። ካዛንቺስ ተከተለ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሄደ። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው ፒያሳ ተመርቆ ተከፈተ። በጣሊያን ስም በሚጠራ ሰፈር መካከል ጣሊያንን ያሸነፍንበት ሐውልት ቆመ ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው።

ደስ የማይለው ሌላው ነው። አንዳንድ ሰው «የጣሊያን ሥራ ነው፣ ይፍረስ» ይላል። ሌላው «ጣሊያን የሠራልንን አፈረስነው» ብሎ ያለቅሳል። ሁለቱም አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ ሰፈሩን የጣሊያን ያደርጉታል። ጣሊያን ፒያሳን የያዘው አምስት ዓመት ነው። እኛ ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ኖረንባታል፣ አብስለንባታል፣ ነግደንባታል። ቤቶቹ ሲፈርሱ የጠፋው የሙሶሊኒ ቅርስ ሳይሆን የስም የለሾቹ ምግብ አብሳዮች ቅርስ ነው። ቶሞካ በየትኛውም አዲስ ሕንፃ ሥር ቅርንጫፍ ሊከፍት ይችላል። መጋረጃ በር ያላት የፓስታ ቤት ግን ደንበኞቿ ከተበተኑ የትም አትከፈትም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በእኛ ዘንድ ነገሩ ግራ የገባው ነው። ወጊው እንደረሳ እናውቃለን፤ ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ግፍ አንድም ቀን ሳይፈረድበት ሞቷል፤ በ2004 ዓ.ም. በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ሳይቀር ተሠርቶለታል። እውነት ነው፣ ጣሊያን የጦር ካሣ ከፍላ የቆቃ ግድብ ተሠርቶበታል፤ የአክሱም ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል። «ጣሊያን ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» የምንለው እኛ ግን የተወጋን ነን። የተወጋው ከረሳ ተረቱን ማን ይጠብቀዋል?

ፓስታውን ብሉ። ማኪያቶውንም ጠጡ። ለማንም ባለ ዕዳ አይደላችሁም። እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ በጓሮ በር ገብተው ተምረው፣ የራሳቸውን በርበሬ ጨምረው፣ ለልጆቻቸው ያቀረቡት ምግብ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ ወይም በሌላ የቆየ ሰፈር በምግብ ቤት፣ በኬክ ቤት ወይም በዳቦ ቤት የሠሩ ወላጆችና አያቶች ያሏችሁ፣ በሕይወት ካሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ስጎ ማን አስተማራቸው? የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት ነበር? በየትኛው በር ነበር የሚገቡት? ጻፉትና በቤታችሁ አስቀምጡት። ፈቃዳችሁ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ቻናል ላኩልኝ፣ ስማቸውን በክብር አወጣዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።